በርበሬ ያላመጣው መታፈን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት በርበሬ አላስነኩኝም። መጀመሪያ ያስተማሩኝ አተነፋፈስ ነው።

ቤቱ መርካቶ፣ ከጎጃም በረንዳ ገባ ብሎ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ የነበረ የበርበሬ ማዘጋጃ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ባለቤቱ ጋሼ ደምሴ ዛላውን በጆንያ ገዝተው፣ አስቀንጥሰው፣ አስደልዘው፣ አስፈጭተውና አስነፍተው ለሆቴሎች፣ ለጦር ሰፈር ወጥ ቤቶችና ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሚመጡ ነጋዴዎች ያቀርቡ ነበር።

የተቀበሉኝ እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። የቤቱ መጣኝ ነበሩ። መጣኝ ማለት ለዚህ ያህል ዛላ ይህን ያህል ኮረሪማ፣ ይህን ያህል አዝሙድ፣ ይህን ያህል ጨው ብላ የምትወስነው ናት። ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ናት። እትዬ ወርቅነሽ ሻሽ አመጡና አፍንጫዬንና አፌን ሸፍነው ከማጅራቴ ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

«በአፍንጫሽ ጫፍ ብቻ ተንፍሺ» አሉኝ። «አጭር፣ አጭር። ወደ ሆድሽ እንዳታስገቢው። ሆድ የገባ በርበሬ ሲያስልሽ ይከርማል።»

«እሺ እትዬ።»

«ይኸው ተናገርሽ። ስትናገሪ ዋጥሽው።»

አጠገቤ ብርቄ የምትባል ነፊ ነበረች። በሻሿ ውስጥ ሳቀች። ሳቋ በርበሬ ይዞ ገባና ዓይኗ እስኪቀላ አሳላት። እትዬ ወርቅነሽ ዞር ብለው እንኳ አላዩአትም።

ሥራው ደረጃ ነበረው። አዲስ የገባች ቀንጣሽ ትሆናለች፤ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጣ የዛላውን ቁንጮ ትቀነጥሳለች፣ የሻገተውን ትለያለች። ቀጥሎ ደላዥ ናት፤ ዛላውን ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር በሙቀጫ ትወቅጣለች። ከዚያ በላይ ነፊ አለች። ከወፍጮ የወጣውን በወንፊት ትነፋለች፣ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሻካራ ወደ ወፍጮ ትመልሳለች። ደመወዙ የሚሻለው የነፊ ነው። ክፋቱም የእሱ ነው።

የመንፊያ ክፍሉ መስኮት የለውም። ነፋስ ከገባ ዱቄቱን ይወስደዋል። ስለዚህ በተነፋ ቁጥር በሩ ይዘጋል። መውጣት የፈለገች በሩን አንኳኩታ ትቆማለች፣ ሌሎቹ ወንፊታቸውን ያስቀምጣሉ፣ ዱቄቱ ሲሰክን ነው በሩ የሚከፈተው። ይህን ደንብ የጣሰች ያን ቀን ነፊ አይደለችም።

እኔ ከቀንጣሽነት ወደ ደላዥነት፣ ከደላዥነት ወደ ነፊነት ወጣሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ አጭር መተንፈስ ለመድኩ። ከለመድኩት በኋላ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ባሌ ታደሰ ጎጃም በረንዳ ኩሊ ነበር። አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ የተደረደረ የጤፍ ጆንያ ተናደበት። ጠርተውኝ ስደርስ ጆንያዎቹን እያነሱ ነበር። መጨረሻ የተነሳው ደረቱ ላይ የነበረው ነው። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሁለት ልጆች ቀሩኝ። አርባው ሳይወጣ ወደ ወንፊቴ ተመለስኩ። ጋሼ ደምሴ ቦታዬን አልሰጡብኝም። ለዚህ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

የያዘኝ የሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጠዋት ነው፣ ስነፋ ነው፣ ምንም አላሰብኩም። ድንገት ልቤ ደለቀ። አየሩ አለ፤ ወደ እኔ ግን አልገባ አለ። ጣቶቼ ነዘሩኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ደረቴ ላይ የሆነ ሰው ጆንያ ያስቀመጠ መሰለኝ። መሞቴ እንደሆነ አወቅሁ። መሰለኝ አልልም፤ አወቅሁ። ሳላንኳኳ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ዱቄቱ ተከትሎኝ ግቢውን አለበሰው።

«በርበሬ ገባባት!» አለች ብርቄ። ሁሉም የሚያደርጉትን ያውቃሉ። አንዷ ጀርባዬን መታች፣ አንዷ ፊቴን በውኃ አራሰች፣ አንዷ እርጎ በጣሳ አመጣች።

«ረቡዕ ነው» አልኩ።

«እየሞተች ትጾማለች እንዴ!» አለች ብርቄ። «ተልባ አምጡላት በሉ።»

ተልባውን ሳልጨርስ ሕመሙ ለቀቀኝ። እንደመጣ ሄደ። 

«ይህን ሁሉ ዘመን ነፍተሽ ዛሬ እንደ አዲስ ትን ይበልሽ?» አለችኝ ብርቄ። «ነገ ደግሞ ወንፊት መያዝ ላስተምርሽ።»

እትዬ ወርቅነሽ ግን አልሳቁም። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ዓይኔን ተመለከቱ።

«አስነጠሰሽ?»

«አላስነጠሰኝም።»

«አሳለሽ?»

«አይ፣ አላሳለኝም።»

ተነስተው ወደ ቅመማቸው ሄዱ። በርበሬ የገባባት ሴት ታስላለች፣ ታስነጥሳለች፣ አፍንጫዋ ይወርዳል። እኔ አንዱም አልነበረብኝም። ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩትም።

ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያን ያዘኝ። የንግሥ ቀን ነበር፤ በሴቶቹ በኩል ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆመናል። ቅዳሴው ሳይጋመስ ልቤ ደለቀ። ሰውን እየገፋሁ ወጣሁ። ከኋላዬ የሰማሁት ይህ ነው።

«ቅዳሴ ያስወጣት ምን ይሆን?»

«ሲቀድሱ የማይችለውማ ይታወቃል።»

እዚያ በርበሬ አልነበረም። ሴቲቱ ያለችውን እኔም አሰብኩ፤ ርኩስ መንፈስ ይሆን? ከልጅነቴ ጀምሮ የቆምኩበት ቦታ ነው። ያን ቀን ከቅጥሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ቦታ እየቀማኝ ሄደ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከደጀ ሰላሙ አላልፍም። በሲኒማ ራስ በኩል ሰው ስለሚበዛ በጓሮ እዞር ነበር። አውቶቡስ ተውኩ። አንድ ቦታ ከያዘኝ ያን ቦታ እተወዋለሁ፤ በሌላው ይመጣል፤ ያንንም እተወዋለሁ። በመጨረሻ የመንፊያ ክፍሉ በር ሲዘጋ መቆም አቃተኝ። እትዬ ወርቅነሽን ወደ ቀንጣሽ እንዲመልሱኝ ለመንኩ።

«ደመወዙ ይቀንሳል» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

መለሱኝ። ምክንያቱን አልጠየቁኝም። ልጆቼ ግን እራታቸው መቀነሱን አውቀዋል።

ጸበል ገባሁ። ሌሎች ሲጮሁ፣ ሲወድቁ አየሁ። እኔ አልጮህኩም፣ አልወደቅኩም። ጸበሉ ልቤን አሳርፎልኛል፤ በዚያ በቆየሁበት ሰሞን ደህና ተኛሁ። ስመለስ፣ ገበያው መሀል፣ ሕመሙ እንደገና ያዘኝ።

የንስሐ አባቴ መምሬ ተክሌ ይባሉ ነበር። ለእሳቸው ነገርኳቸው።

«ሐኪም ቤት ሂጂ» አሉኝ።

«ጸበል እየጠጣሽ መድኃኒት ከወሰድሽ ጸበሉን መናቅ ነው ይሉኛል፣ አባ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ሰው።»

«ሰው የእኔ ዓይን ሲጨልም የት ነበር?» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው አሳዩኝ። «ይህን የሰጠኝ ሐኪም ነው። ወንጌሉን የማነብልሽ በዚህ ነው። ታቦቱ ተቀይሞኝ ከሆነ እስካሁን አልነገረኝም። ሂጂ። ጸሎቱን እኔ እይዘዋለሁ።»

ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ፣ ማለት የጤና ረዳቱ፣ ደረቴን አዳመጠ፣ የደም ግፊቴን ለካ።

«ልብሽ ደህና ነው።»

«መርፌ አትወጋኝም?»

«ለዚህ የሚሆን መርፌ የለኝም። የነርቭ ነገር ነው። አማኑኤል ሂጂ።»

በዚያን ጊዜ በመርካቶ «አማኑኤል ሂጂ» ስድብ ነበር። ሰው ሲጣላ የሚባባለው ነው። አማኑኤል ሲባል የሚታወቀው ሰፈሩ ውስጥ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። እዚያ የገባች ሴት እብድ ትባላለች፣ ልጆቿም የእብድ ልጆች ይባላሉ። ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ቤቴ ገባሁ። አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ደምሴ ጠሩኝ። ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ነበር።

«አስካለ፣ ሰው ስለ አንቺ ያወራል።»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«ቅዳሴ የማይችል መንፈስ አለባት ይላሉ። የምንሸጠው የሚበላ ነገር ነው። ደንበኛ ይህን ከሰማ አንድ ቁና አይገዛኝም።» አንገቴን ደፋሁ። «ላባርርሽ አይደለም» አሉ። «ልጆች አሉሽ። ከመጋዘኑ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች። ልጆችሽን ይዘሽ ግቢ። ገበያ መሀል አትውደቂ፣ ቤተ ክርስቲያን አትቁሚ፣ ሰው አይይሽ። ከዚህ ግቢ ሳትወጪ ሥራሽን ሥሪ። እትዬ ወርቅነሽ ከዚህ ወጥተው ያውቃሉ? እንደ እሳቸው ያለ ታማኝ የት ይገኛል?»

እውነት ነው። እትዬ ወርቅነሽ ግቢው ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ሲወጡ ያየ የለም። እኛ ለሥራቸው ያላቸው ፍቅር ነው እንል ነበር። ጋሼ ደምሴ ለእንግዳ ሁሉ ሲመሰክሩላቸው ሰምቻለሁ።

ደስ አለኝ። ልደብቀው አልችልም። የቤት ኪራይ የለ፣ መንገድ የለ፣ የሰው ዓይን የለ። እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ ብዬ አማተብኩ።

እትዬ ወርቅነሽ አዝሙድ ያምሱ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ምን አለሽ?» አሉኝ።

«ክፍል ሊሰጡኝ ነው፣ እትዬ። ከእርስዎ አጠገብ ልሆን ነው።»

ማማሰያውን አላቆሙም። አዝሙድ ካልተማሰለ ያርራል።

«አትግቢ።»

«ለምን?»

«እኔም የገባሁት ለጥቂት ጊዜ ነበር።»

ነጠላዬን ሰብስቤ ጠጋ አልኳቸው።

«ይኸ ያንቺ በሽታ እኔንም ይይዘኛል» አሉ። «ያንቺን ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ረቡዕ፣ ሳያስልሽ ሲቀር። እኔን መጀመሪያ የያዘኝ መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ተውኩ። ከዚያ ገበያውን ተውኩ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን። አሁን ያንን የግቢ በር ሳየው ልቤ ይደልቃል። ታማኝ ይሉኛል። ታማኝ አይደለሁም፤ መውጣት አቅቶኝ ነው።»

«ለማንም አልነገሩም?»

«ለማን? እህቴ ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩም። ቤቷ ተክለ ሃይማኖት ነው፣ እዚህ ታች። በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ። እጄ ደነዘዘ፣ ተመለስኩ። ወገኖቼ እስከ ዛሬ አያነጋግሩኝም። ደግ አደረጉ።»

አዝሙዱን ከእሳት አወረዱት።

«ክሊኒክ ምን አሉሽ?»

«አማኑኤል ሂጂ አሉኝ።»

«ታዲያ ገና ትወጪ የለ? እግርሽ ሳይረሳው ሂጂ።»

ክፍሉን ከገባሁ ሥራዬ ይተርፋል፣ ልጆቼ ይበላሉ፤ እኔ ግን እትዬ ወርቅነሽን እሆናለሁ። ሆስፒታል ከሄድኩ ወሬው ሥራዬን ሊያሳጣኝ ይችላል። የነበረኝ ምርጫ ይህ ነው። ጋሼ ደምሴን ትንሽ ቀን ይስጡኝ አልኳቸው።

አማኑኤል በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ያዘኝ። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩና ቀጠልኩ። ውስጥ ከባድ ሕመም ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ከግንብ ጋር ያወራል፣ አንዷ ፀጉሯን ትነጫለች። ከእነሱ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራ ጠበቅሁ። አጠገቤ የነበረች ወጣት ከሻንጣዋ ቆሎ አውጥታ ሰጠችኝ። እብድ ከምንላቸው ሰዎች መሀል ማንም አልሳቀብኝም።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ናቸው። አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ አንዲት ሲስተር ታስተረጉማለች። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባሌንም፣ ቅዳሴውንም፣ በርበሬውንም።

«ሲይዝሽ ምን ታስቢያለሽ?»

«እሞታለሁ ብዬ።»

ሐኪሙ ሲስተሯን ሳይጠብቁ በራሳቸው አማርኛ «ስንት ጊዜ ሞትሽ?» አሉኝ። ሲስተሯ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ባሌ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ቀጥለው ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ስነፋ እንዴት እንደምተነፍስ አሳዪ አሉኝ። ነጠላዬን አፍንጫዬና አፌ ላይ አስሬ፣ እትዬ ወርቅነሽ እንዳስተማሩኝ፣ አጭር አጭር ተነፈስኩ። ሐኪሙ ተመለከቱኝና ፍቺው አሉኝ። ፈታሁት። ቁጭ ብዬ ጥያቄያቸውን መመለስ ቀጠልኩ። እሳቸው ግን የሚያዩት ፊቴን ሳይሆን ደረቴን ነበር። ለሲስተሯ የሆነ ነገር አሏት።

«ነጠላውን ፈትተሻል፣ ትንፋሹን ግን አልፈታሽውም ነው የሚሉሽ» አለችኝ።

ከዚያ እያወቅሁ እንደዚያው፣ ፈጠን አድርጌ፣ ሳላቋርጥ እንድተነፍስ አዘዙኝ። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቼ ነዘሩኝ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ክፍሉ ዞረብኝ፣ ልቤ ደለቀ።

«ይኸ ነው?»

«ይኸው ነው! ይኸው መጣ!»

እጄን ወስደው ሆዴ ላይ አደረጉት። እጄ ከፍ እስኪል ቀስ ብዬ እንዳስገባ፣ ቀስ ብዬ እንዳወጣ አሳዩኝ፤ ከእሳቸው ጋር አብረን ተነፈስን። በዚያ ክፍል በርበሬ አልነበረም። ከወንበሬም አልተነሳሁም። ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

በሲስተሯ በኩል ያሉኝን እንዳስታወስኩት እጽፋለሁ። ልብሽ ጤነኛ ነው። ይህ ሕመም ፍርሃት ነው፤ ነብር የመጣበት ሰው የሚፈራውን ፍርሃት አንቺ ነብር ሳይመጣ ትፈሪያለሽ። ሰውነት እንደዚያ ፈርቶ ብዙ መቆየት አይችልም፤ ብትሮጪም ባትሮጪም ይበርዳል። ስትሮጪ ግን መሮጡ ያዳነሽ ይመስልሻል፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ይጠናል። ትንፋሹ ብቻውን አላመጣውም፤ የባልሽ ሞት አለ፣ ድካም አለ፣ አለዚያማ በርበሬ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ በታመመ ነበር። አጭሩ ትንፋሽ ግን በእሳቱ ላይ እንጨት ይጨምራል።

ለጥቂት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ሰጡኝ፤ ለምደሽው እንዳትቀሪ እየቀነስን እናቆመዋለን አሉኝ። እየተመላለስኩ እንድታይ ቀጠሮ ያዙልኝ። የተውኩትን ቦታ አንድ በአንድ እንድመልስ ነገሩኝ። ከቀላሉ ጀምሪ፣ ሲይዝሽ አትሩጪ፣ እስኪለቅሽ እዚያው ቁሚ አሉ።

ቀላል አልነበረም። በሲኒማ ራስ ሳልፍ መሀል መንገድ ላይ ያዘኝ። ሹፌር ሰደበኝ። ዳር ወጥቼ ቆምኩ፤ አልተመለስኩም። ቤተ ክርስቲያን ከደጀ ሰላሙ ወደ ዋርካው፣ ከዋርካው ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ ውስጥ ገባሁ። ቆይቶ አንድ እሑድ ቅዳሴውን ጨረስኩ። ተመስገን ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ብርቄ አይታኝ ኖሯል። ዛላ እየቀነጠስን እያለ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ጠየቀችኝ።

«አማኑኤል በር ላይ አየሁሽ። ዘመድ ልትጠይቂ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

ሴቶቹ እጃቸው ቆመ። ብርቄ ዛላዋን እንደያዘች ዞረችብኝ።

«እና… አላበድሽም?»

«እስካሁን አላበድኩም።»

«ወይ ጉድ» አለች። «አንቺን ለቀቁሽ፤ እኔን ቢሆን እዚያው ያስቀሩኝ ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ወሬው ግን በዚያው ጋሼ ደምሴ ጆሮ ደረሰ። ግቢው መሀል መጡ።

«ሆስፒታሉ ሄደሻል?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ክፍል ልስጥሽ ስል አንቺ ስሜን አማኑኤል ወስደሽ ሰቀልሽው? ሂሳብሽን ተቀበይና…»

እትዬ ወርቅነሽ ከቅመም ክፍሉ ወጡ። በዕድሜ ስለሚበልጧቸው ጋሼ ደምሴን በስማቸው ብቻ የሚጠሩ እሳቸው ነበሩ።

«ደምሴ፣ የእሷ በሽታ እኔም አለብኝ።»

«ምን አሉ?»

«አለብኝ አልኩህ። ከዚህ ግቢ የማልወጣው ስለምወድህ አይደለም። ይህን ሁሉ ዘመን የሸጥከው በርበሬ እብድ የመጠነችው ነው። እስቲ የበላው ማን አበደ?»

ጋሼ ደምሴ ቆመው ቀሩ። ሚዛኑን አዩ፣ ጆንያውን አዩ። ከዚያ «ሥራችሁን ሥሩ» ብለው ወጡ። ከሥራ አላስወጡኝም። ስለ ነገሩም ዳግመኛ አላነሱም። ለእትዬ ወርቅነሽ ግን ለእንግዳ መመስከራቸውን ተዉ።

ወደ ነፊነት ተመለስኩ። በሩ ተዘጋ። ያዘኝ፤ ወንፊቱን አስቀምጬ ቆምኩ። ብርቄ «ላንኳኳልሽ?» አለችኝ። እጄን አወዛወዝኩ። ለቀቀኝ፣ ነፋሁ። እትዬ ወርቅነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ደንብ አወጡ፤ አንድ ጆንያ ተነፍቶ ሲያልቅ ሁሉም ነፊ ውጪ ወጥታ ሻሿን ፈትታ በሆዷ ትተንፍስ። ጋሼ ደምሴ ጊዜ ይባክናል አሉ። እትዬ ወርቅነሽ የሚቀጥለው ጆንያ ሲያልቅ በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

ሐኪሙ ያሉኝን ሁሉ ለእትዬ ወርቅነሽ ነገርኳቸው። አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው። ሥራ ሲያልቅ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ግቢው በር እንሄድ ነበር። መጀመሪያ በሩን ነክተው ተመለሱ። ቆይተው ደፍ ላይ ቆሙ። አንድ ቀን ወጥተን እስከ ማዶው ሱቅ ደረስን። ሱቁ ውስጥ የነበረ ሽማግሌ «ወርቅነሽ? አለሽ እንዴ?» አላቸው። እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ። ከኋላችን ጋሪ የሚገፋ ኩሊ ጮኸ። እጄን አስለቅቀው ወደ ግቢ ሮጡ።

«ነገ እንሞክራለን» አልኳቸው።

«አንቺ ገና ልጅ ሆነሽ ነው» አሉኝ። «በእኔ ላይ ሥር ሰዷል።»

ሐኪሙን ስለእሳቸው ጠየቅኳቸው። ይምጡ፣ ረጅም ዘመን የቆየም ይታከማል አሉ። ይህንንም ነገርኳቸው። ሰሙኝ። አልሄዱም።

በክረምት ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ስንላቸው በሩን እያዩ እምቢ አሉ። ጋሼ ደምሴ ድሬሰሩን ግቢ ድረስ አስመጡ፤ ዘግይቶ ነበር። መምሬ ተክሌ መጥተው አቆረቧቸው።

ቀብራቸው ላይ ከዘመዶቻቸው አንድም ሰው አልመጣም። ለእህታቸው ለቅሶ ያልደረሱበትን ምክንያት የነገራቸው የለም፤ እኔ አፈላልጌ የነገርኳቸው እትዬ ከተቀበሩ በኋላ ነው። አስከሬኑን ያጀብነው የበርበሬ ቤቱ ሴቶች ነን። ብርቄ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። በተክለ ሃይማኖት በኩል ስናልፍ የእህታቸው ቤት የትኛው እንደሆነ አላወቅንም።

ከእሳቸው በኋላ መጣኝ የሆንኩት እኔ ነኝ። ልጆቼን በዚያ ሥራ አሳድጌአለሁ። ሕመሙ አልፎ አልፎ እየመጣ አይቶኝ ሄዷል፤ ከቆየ ዘመን ወዲህ ግን አልመጣም። ስለ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙንም፣ ሲስተሯንም፣ እትዬ ወርቅነሽንም በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ።

ዛሬ ይህን ሕመም በስሙ ጠርተው በሬዲዮ ሲያስረዱ እሰማለሁ። በእኛ ጊዜ ስም አልነበረውም። ለሥራ ባልደረቦቼና ከእኔ በኋላ ለመጡት የምጽፈው ይህን ነው። ሕመሙ ልብ አያቆምም። መድኃኒትም ሐኪምም አለው። የሚጎዳው ሽሽቱ ነው፤ አንድ ቦታ የተወ ሰው ሁለተኛውን ይተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቦታ የተዋችሁ ዕለት ሐኪም ቤት ሂዱ።